አራት ኪሎ ከሁለት መቶ

ቲልማን የወጥ ቤቱን ሚዛን ተበደረ፣
ብሎን ከነዳዶው ሲመዝን አደረ።
የሰባ ሁለት ምርት፣ ባለ ሁለት በር፣
በአሮጌ በረት ውስጥ፣ በአይፍል ጋራ ሥር፣
ክሪክ ላይ ተሰቅላ ከወር ወር ከሳች፣
ሁዳዴና ፍልሰታን አንድ ላይ እንደያዘች።

ምንጣፉ ተላጠ፤ ኪሎ ተኩል ሄደ።
የኋላው መቀመጫ ዘጠኝ ይዞ ወረደ።
እያንዳንዱን ቁጥር በኖራው ግድግዳ
በእርሳስ ይጽፋል፣ እንደ ሰው ብድር ዕዳ።

በመጨረሻ ላይ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣
ጥቁር ሣጥን አገኘ፣ አቧራዋን ደርባ፤
ሁለት ቱቦ ጎርሳ፣ ተጣብቃ ከሞተር፣
ፍል ውሃ እየጠጣች አየር ታሞቅ ነበር።
«አራት ኪሎ!» አለ፣ «ከሁለት መቶ ግራም!»
(ለእኛ የሰፈር ስም፤ ለሱ ክፉ ሕመም።)
«ሯጭ ካፖርት ይለብሳል?» አለና ፈታት፤
ቱቦውን ደፈነ፤ ቆጥ ላይ ወረወራት።

የሚያዝያ ንጋት፤ ጥድ ላይ ያለ ካፊያ።
ልጁ ጌርሊንዴ ናት ከመሪው ወዲያ፤
የራስ ቁር አጥልቃ፣ በአራት ቀበቶ ታስራ፣
ሁለት ዙር ከነፈች፣ ሞተሩ እያጓራ።
በሦስተኛው ዙር ላይ፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ፣
ከዳር ሳይሆን ከመሃል፣ መስታወቱ ነጣ።

ጓንቷን ሰደደች፤ ጠረገች፤ ተመለሰ።
ደገመች፤ ክርኗ ዛለ፤ ጭራሹን ባሰ።
ጉም መዝገን የሚሉት ለካ ይኸው ኖሯል፦ እጅ ሙሉ ዘግኖ፣
ጣት ሲከፍቱ ምንም፤ ዓይን ብቻ ታፍኖ።
ከዚህ በኋላ መንገዱ ትዝታ ነው፤ በልቧ ነው የምትታጠፍ፦
«አሁን ግራ… አሁን ቀኝ… አሁን ዛፉን ማለፍ…»

ፍሬን።
ሣር ላይ ቆመች።
ሞተሩ ጸጥ ሲል የሳንባዋን ድምፅ ሰማች።

በሩን ከፈተችው። ውጭው ጥርት ብሏል፤
አጥሩ፣ ጥዱ፣ ጋራው፣ ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል።
ጉሙ ከሰማይ አልወረደም፤
የማንም አልነበረም፤
ከንፈሯ ያፈለቀው፣ ደረቷ የገፋው፣
የገዛ ትንፋሿ ነው መንገዷን ያጠፋው።

አባት ሮጦ ደረሰ፤ ምንም አልጠየቃትም።
በእጅጌው መስታወቱን ከውጭ በኩል ጠረገ፤
ከውስጥ ነበርና፣ አልጠፋለትም።

ማታ መሰላል ይዞ ወጣ ወደ ቆጡ፤
ሣጥኗን አይጥ ሰፍሮባት፣ ጭድ አለ ከውስጡ።
(እኛ ጋ ተረት አለ፦ የቆጡን አወርድ ያለች የብብቷን ጣለች፤
የቲልማን ግን፣ ቆጥ ላይ፣ የብብቱ ነበረች።)
ጭዱን አራገፈ። ኮምጣጤ አፍልቶ
ዝገቷን አጠበ። ሁለት ቱቦ ገዝቶ
ከሞተሩ ደም ሥር እንደገና አያያዛት፤
አፏን ግን ከእግር አንስቶ፣ ወደ መስታወት ብቻ አዞራት።
«እግርሽ ይብረድ» አለ፤ «የሚነዳው ዓይን ነው።»
ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ያቺን መስመር ሰርዞ፣ ከሥሯ የጻፈው፦
«ቲልማን፦ ቋሊማ ይቅር። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ።»
«አንተ እኮ አትነዳም!» ብትለው ስቃ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ
ዝም።

ሲነጋ ሞተር አስነሡ። መርፌዋ እስክትወጣ፣
እሱ ባዶ ላሜራ ላይ (ወንበር ከየት ይምጣ!)፣
እሷ ከመሪው ኋላ፣ ሳይነጋገሩ ሲተነፍሱ
ሁለቱ፣ እንደ ጋቢ፣ አንድ ጉም ለበሱ።
መጀመሪያ የተቃጠለ ጭድ ሸተተ፤
ቀጥሎ፣ ከታች ጥግ፣ ጥፍር የምታህል መስኮት ተከፈተ፤
ሰፋች። የበረቱ ደፍ። የአጥሩ እግር። ከዚያ ቀሚስ።
ከዚያ ባልዲ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኦዲልያ፣ ላሞቿን ልታልብ ወጥታ፣
ከመኪናዋ ፊት ቆማ እጇን ታውለበልባለች፤
ከመቼ ጀምራ እንደሁ፣
ማን ያውቃል።