ቆጠራ

ሥራዬ መቁጠር ነው፤ የምጡን እርቀት፣ የፅንሱን የልብ ምት፣
እጄ ከሆድ ላይ፣ ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት።
ያን ሌሊት ግን የቆጠርኩት ዝምታ ነበር፤
ቱሉ ዲምቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስንደናበር
ኦብሳ መጣ። ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ ዝም ያለ።
ጀርባውን አሸሁት፣ አፉን ጠረግሁት፤ ምንም አላለ።
በጎማ ፊኛ ትንፋሽ ላክሁለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ሌሊሴ ከአልጋው ላይ «ለምን አያለቅስም?» አለችኝ በቀስታ፤
«አሁን ያለቅሳል» አልኳት፣ ሳላውቅ፣ ሳላመነታ።
አራት ደቂቃ ፈጀበት።
አራት ደቂቃ ትንሽ ናት፤ ሻይ እንኳ አይፈላባት።
ሰባት ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አለሁባት።

ብሎክ ሃያ ሦስት፤ እኔ ምድር ቤት፣ እነሱ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የለም፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቅ።
ልጁ ሦስት ዓመት ሞላው፤ አንገቱ ገና አልጸና፣
ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪምም፣ ደብተራም፣ ዳኛም ሆነና
አንዷ «ጥላ ወጊ ነው» አለች፣ አንዱ «ያባቱ ወገን እርግማን»፣
አንዷ ደግሞ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ «እስቲ ምን ሠርተሽ ይሆን?»
አባቱ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከጋላፊ ሲመለስ ብርቱካን ያመጣል፣
ልጁን አቅፎ ደረጃው ላይ፣ ማንም ሳያየው፣ ይቀመጣል።
ሌሊሴ መጋረጃዋን ዘጋች።
እኔም ከሥር ሆኜ «ነገ እወጣለሁ» እያልኩ ዓመት ቆየሁ፤
ምን ብዬ? «መብራት ጠፍቶ» ብዬ? «ለሦስት ምጥ አንድ እኔ ነበርሁ»?

የወጣሁ ዕለት ባዶ እጄን ነበር፤ ሙዝ እንኳ አልያዝኩም።
የዚያን ሌሊቱን ነገርኳት፤ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።
ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ያዢልኝ» ብላ ልጁን ሰጠችኝ፤
«ገላዬን ልታጠብ፤ ሦስት ቀኔ ነው» አለችኝ።
እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።
እሷ የፈለገችው ሁለት እጅ፣ ግማሽ ሰዓት፣ የሚዘጋ በር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በግ በሚታረድበት የጋራ ቤት፣ ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ዘርግተን
ስድስት እናት፣ አንድ አባት፣ ልጆቻችንን (ልጆቻቸውን) አስተኝተን
እግር መሳብ፣ ጣት መፍታት፣ ማንኪያ ማስያዝ እንማማራለን፤
ማን ማንን እንደሚያስተምር አንዳንዴ እንረሳለን።
ከገላን የሚመጣው በያጅ፣ የጽጌማርያም አባት ሽብሩ፣
የፕላስቲክ ወንበር ለባጃጅ ጎማ ዳረና፣ «ሠርግ ነው፣ ዘምሩ!»
ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ ሁላችንም ፍሬን ነን፤
አንድ ቀን አምልጦን ኦብሳ በሳቅ ሲፈነዳ፣ እኛ እሪ እያልን ሮጥን።

አምና ሌሊሴ ፀነሰች፤ ለማንም አልተናገረች።
ደረጃው ላይ አቆመችኝና «መብራት ይኖር ይሆን?» ብቻ አለች።
ጄኔሬተሩን፣ ኦክስጅኑን፣ የአምቡላንሱን ስልክ ሳጣራ ሰነበትኩ፤
ቀኗ ሲደርስ ግን አላዋለድኳትም፤ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።
ልጅቷ ወጥታ ሳታበቃ ጮኸች፤ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጩኸት!
ነርሶቹ ሳቁ። ሌሊሴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች ድንገት፦
«እሱም እንዲህ ሊጮህ ኖሯል?»

መልስ አልነበረኝም። እጇን አልለቀቅኩም።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንወጣ፣ እሷ ከነሕፃኗ ቀደመች፤
እኔና ሽብሩ ኦብሳን ከነወንበሩ ተሸክመን፣ ጎማዋ ስትንቋቋ፣ ስታስቸግር፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አጠረ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ሃምሳ ስንት ነበር?
ኦብሳ አልጠፋውም። ለካ በየደረጃው የመደገፊያውን ብረት አንድ አንድ ጊዜ ይመታ ነበር።
ስንቆም እሱም ጣቱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀን።
ከላይ ሕፃኗ አለቀሰች።
ኪው አለ ብረቱ። «ቀጥሉ» ማለቱ ነው፤
ቀጠልን።