መዳፍ

በረዶ ያልሆነ፣ ዝናብም ያልሆነ
ነገር እየጣለ፣ ወደቡ ታፈነ።
አንትወርፕ፣ ማለዳ፤ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ
ሰው ስልኩን ያነባል፣ አንገቱን ደፍቶ።

ዋውተር ክሬን ነጂ ነው። «ቅባት ስጪኝ» አለኝ፣
«ጓንቱ ነው የላጠኝ፣ ሌላ ምን ሊያገኘኝ?»
መዳፉን ዘረጋ፤ መዳብ የመሰለ ሽፍታ፣
ውስጥ እግሩም ያው ነው፣ ጫማው ሲፈታ።

«ቁስልስ ነበረብህ?»
«አንዲት። በገና ሰሞን።
አላመመችኝም። ብቻዋን ጠፋች።»
አልጠፋችም፣ ዋውተር፤
በሩን ዘግታ የወጣች መስላ
ጓዳ ነው የገባችው።

ከጥር ወዲህ እሱ አርባ ሦስተኛው ነው፤
የደሙ ወረቀት አንድ ለስልሳ አራት የሚለው።
ባፍ መፍቻዬ ስሟ፣ ሳይሸፋፈን፣ ቂጥኝ፤
መርፌዋም እዚያው ነው፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ።

ፔኒሲሊኑ ወፍራም ነው፤ ከፍሪጅ እንደወጣ
ከወጉት ጠጠር ነው። በእጆቼ መካከል
ብልቃጡን አሞቃለሁ፣ እንደ ጫጩት ይዤ።
ቀስ ብዬ ስገፋ፣ አርባ ቶን የሚያነሳው ሰው
ያልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ግድግዳ ግድግዳ ያያል።

«አሁን ስም» አልኩት። ይሄ ከመርፌው ባሰ።
አንዱን በስልክ ቁጥር፣ አንዷን በሰፈሯ፤
ሦስተኛውን አያውቀውም፣
የውሻውን ስም ግን ያስታውሳል፦ ፒም።
ጻፍኩ፦ ፒም።

ከዚያ ካልሲውን እያጠለቀ፣ ቀና ሳይል፣
«ፌምከ አምስተኛ ወሯ ነው» አለ።

«ደውልላት» አልኩት።
ሲጠራ፣ ሲጠራ፣
ሌላ ብልቃጥ አውጥቼ
መዳፌ ውስጥ ያዝኩ።