ይደገም ወይስ ይስፋ

ከግብርና ቢሮ በጨረታ ወጥቶ፣
የንብረት ቁጥሩን ጀርባው ላይ አንግቶ፣
ገባ ሞኒተሩ፣ ጠባሴ፣ ከቤቴ፣
የሁለት ሰርግ ቀብድ በልቶ ከሌማቴ።

የላፕቶፔ መስኮት እንደ መሀረብ ናት፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰርግ አጥፌ የቋጠርኩባት።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና አልለቀቀም፤ ጣቴ እንጨት ሆኗል።
የገመዱ ጫፍ ሰማያዊ ነው፣ ዐሥራ አምስት ጥርስ አብቅሏል።
ላፕቶፑ ግን ጥርስ አያውቅም፣ አፉ ጠፍጣፋ ነው፤
ሁለቱን የሚያገናኝ ሽማግሌ ነው ያነሰው።
«ምንተስኖት፣ ሩጥ!» አልኩት፤ በባጃጅ መናኸሪያ ወረደ፤
አውራ ጣት ለምታክል አዳፕተር ሻጩ ዋጋ አስወደደ።

ብሎኗን አጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ጥቁር።
«ሲግናል የለም» አለ፣ ጽሑፉ እንደ ሥራ ፈት ጭልፊት ሲዞር።
ነቀልኩት፤ እፍ አልኩበት፤ ማን እንዳስተማረን አላውቅም፣
እፍ ሳይባልበት የተሰካ ገመድ በእኛ ሰፈር አይሠራም።

ከዚያ ላፕቶፑ፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ኮስተር ብሎ፣
ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ፣ ሌላ መልስ ከልክሎ፦
ይደገም? ያው አንዱ ሁለቴ፣ እንደ ገደል ማሚቶ?
ይስፋ? ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ክፍል ተከፍቶ?
«ይስፋ» አልኩ።

ቀስቷን ወደ ግራ ነዳኋት፤ ግድግዳ ገጥሟት ቆመች።
ወደ ቀኝ ብነዳት፣ በግራው መስኮት ብቅ አለች፣
በጓሮ ወጥታ በፊት በር እንደምትገባ ድመት።
ቁጥር አንድን ከቁጥር ሁለት ባቀያይር፣ መንገዷን አገኘች ያን ሰዓት።

የሸዋንግዛው ሰርግ ነበር፣ ሞላሌ ላይ የቀረጽኩት፤
መቁረጫውን ላፕቶፑ ላይ ትቼ፣ ምስሉን ብቻ ወዲያ ዘረጋሁት።
መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቀለሙ ነው። የሙሽራዋ ቬሎ
እዚህ ወተት የነበረው፣ እዚያ ቅቤ መስሎ።
የትኛው ነው የሞላሌ ፀሐይ? ካሜራው ይመስክር ብል፣
እሱ ያየውንም የማየው በመስኮት ነው፤ ለዳኛም ዳኛ ይሻል።
ደጅ ወጥቼ የወይዘሮ ጌጤነሽን ነጠላ ከገመድ ላይ አየሁ፤
እሱን «ነጭ» ብዬ ይዤ፣ የሞኒተሩን ሆድ ዕቃ ነካካሁ።

ከዚያ ነው ያየኋት።

ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ከጡሩምባውና ከእልልታው ኋላ፣
የድንኳኑን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከሰው ተነጥላ፣
ነፋሱ ሸራውን ሽቅብ ሲያነሣው፣
እሷ ቁልቁል ስትስበው።
ካስማው ተነቅሏል፤ ካስማው እሷ ናት።
ማንም አላየም። እኔም፣ ካሜራ የያዝኩት፣ አላየኋት።
እንዲያውም በማስታወሻዬ፣ በቀይ፣
«ሸራው ይረብሻል፤ ይቆረጥ» ብዬ ጽፌአለሁ እዚያው ላይ።

መለስኩት። ሙሽራው ሲያልፍ፣ ሚዜው ሲያልፍ፣ ኬኩ በትሪ ሲያልፍ፣
ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ፣ የዚያች ሴት ክንድ ሳይታጠፍ።

ለሸዋንግዛው ደወልኩ። ልብሷን ነገርኩት፣ ሻሿን፣ ቁመቷን።

«አስካለ ናት፣ እህቴ። ለፎቶ ብናስጠራ አጣናት፤
አኩርፋ ቀረች ብለን፣ እስከ ዛሬ ተቀየምናት።»

ዝም አለ። እኔም ዝም።
ከስልኩ ወዲያ በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ወይም ሲከፈት፤ አልለየሁም።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ቁጥር ያነገተው ጠቆረ፤
ላፕቶፑ በባትሪው፣ በመሀረቡ ልክ ቀረ።
ዓይኔን አስጠግቼ ፈለግኩ፣ ከመኪናው ጎን፣ ከሸራው ጥግ።
የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ አለች፤
ከድሮም እዚያው ነበረች።
ገመዷን አልለቀቀችም።