የቤታችን ሕግ

አዲሱ ዓመት ከጠባ ቤታችን ሕግ አለው፤
በ«ወ» የሚጀምር ቃል፣ ማንም የማይለው።
ማንኪያ ከእጅ ያመልጣል፣ ሰሃን ይሰበራል፣
ቃሉ ግን ጉሮሮ ላይ እንደ እሾህ ይቀራል።
ይሄ ሁሉ በረዶ፣ ጣራ የሚያጎብጠው፣
ለእኛ እንግዳ ነው፤ «መጣ» ነው የምንለው።

አማቴ ብቻ ናቸው ነገሩ ያልገባቸው፤
ሰማንያ ስድስት ዓመት፣ ጆሮ የከዳቸው።
ጎህ ሲቀድ መስኮት ከፍተው ለሂሮሳኪ ሰው ሁሉ
«ወደቀ! እስከ ጉልበት ወደቀ!» ይላሉ።
ሚዙሆ ትስቃለች እርሳሷን አኑራ፤
እኔ ነኝ «ክፉ አያናግር» እያልኩ የምፈራ።

ቀኑን ሙሉ መጋዘን ፖም ስለይ እውላለሁ፤
የተመታች ካለች ከነልጣጯ አውቃለሁ፤
ዓይኔ አይደለም፣ ጣቴ ነው። ይህቺ ለገበያ፣
ያቺ ለመጭመቂያ።
ማታ ግን የልጄን በር ገርበብ አድርጌ
ጀርባዋን አያለሁ፤
በሕፃንነቷ ስንቴ ያጠብኩት ጀርባ፣
ዛሬ ደብተር ላይ የጎበጠ፤
ብዳስሰው ምን ይነግረኝ ነበር?
ብርድ ልብስ ደርቤላት
እንደ ሌባ በእግሬ ጣት እመለሳለሁ።

ባሌ ኢዋኦ ቃል ቆጣቢ ነው። መሰላሉን ይዞ
በረዶ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲገርዝ ይውላል፣ ጣቱ ደንዝዞ።
ባለፈው መስከረም፣ ያ ነፋስ ፍሬውን ሁሉ ሲያራግፍ፣
አንዲት ፖም ቀርታ ነበር፣ ሙጭጭ ብላ ከቅርንጫፍ።
በጋዜጣ ጠቅልሎ ስድስት ወር ደበቃት።
በፈተናው ዕለት ሊሰጣት አፈረና መልሶ ኪሱ ከተታት፤
ዛሬ፣ ውጤት ሊሰማ፣ መኪና ውስጥ ሰጣት።
ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤
ሊናገርስ? ቃሉ አይፈቀድም።
ሚዙሆ ግማሿን ገምጣ «ዱቄት ዱቄት ትላለች፣ አባዬ» አለች፣
የቀረችውን መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ይወጣል።
«እንዳትከተሉኝ» ብላናለች፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመናል።
ቁጥሯ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነው። የምረሳው ይመስል
መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ።
ከፊታችን፣ ከኋላችን፣ በተሰለፉት መኪናዎች ውስጥ፣
በገዛ ትንፋሹ መስታወት ያደፈረሰ ወላጅ
በእጅጌው እየወለወለ ያያል።

በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ ከዳት።
ያ ቃል ቆጣቢ ባሌ መስኮቱን አውርዶ
«ወደቀች!» ብሎ ጮኸ።
የመኪና በር ሁሉ ባንዴ ተበረገደ፤
«የማን ልጅ? የማን ልጅ?» እያለ ሰው በድንጋጤ ራደ።
ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤
ቀይ ሻርፕ ያደረገች አንዲት እናት ግን
ማልቀስ ጀምራ ማቆም አቃታት።

ልጄ ተነሣች። ጉልበቷን አራገፈች። ዞር ብላ እንኳ ሳታየን
ወደ ሰሌዳው ሄደች።
ኢዋኦ ሞተር አስነሣ። አጠፋ። አስነሣ።
«ቤንዚን አትጨርስ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ስትመለስ ከሩቅ ፊቷን ልለይ ሞከርኩ፣ እንደ ሥራዬ፤
አልቻልኩም። ልጣጩ ላይ ምንም የለም።
ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ «ርቦኛል» አለች።
ያቺ የጠቆረች ግማሽ ፖም ከጋዜጣው ተፈታች፤
ዱቄቷን፣ ፍሬዋን፣ እንጨቷን ሳይቀር በላች።
ከዚያ ነገረችን።

ያለችውን ብትጠይቁኝ አልናገርም፤
የቤታችን ሕግ ገና አልተሻረም።