የጠርሙሱ ቀሪ

ቤተ ሙከራችን ያን ዕለት ምርጫ ጣቢያ ሆኖ ዋለ፤
ሰልፉ የአራት ኪሎን ሐውልት አልፎ ቁልቁል ቀጠለ።
ጋሽ ልሳነወርቅ በሩን ከፈተ፣ በዚያው አሮጌ ጋውን፤
ኮሮጆው ተቀመጠ ከደረቀው ቧንቧ ጎን።

ጣቴን ሰጠሁ። ልጅቱ ነከረችው እስከ ጥፍሬ ሥር።
አውቀዋለሁ ይህን ቀለም፤ ናይትሬት የገባው ብር፤
ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ በሳሙና አይለቅም።
ስድስት ዓመት ለመንሁት፣ በደብዳቤ፣ በማኅተም፤
«በጀት የለም።» ዛሬ ግን በየጠረጴዛው ሞልቷል፤
የኔ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ስሙን ብቻ ለብሷል።

ስንት ምርጫ አየ ይህ ክፍል!
አንዱ ፕላዝማ ሰቀለልን፤ ጠቁሮ ቀረ ግድግዳ ላይ፤
አንዱ መጽሐፉን ለወጠው፣ ከፊተኛው ጋር በቅጡ ሳንተያይ፤
አንዱ ሞልን ከአሥራ አንደኛ ወደ ዘጠነኛ አወረደው።
ሞል ግን ያው ነው። ቁጥሩን ማንም ድምፅ ሰጥቶ አልቀነሰው።

በማግሥቱ ክፍል ስገባ ጣቴ ከሰል መስሏል።
«ቲቸር» አለች ትርንጎ፣ «ለኛ ማን ይመርጣል?
የሚለወጠው መጽሐፍ የኛ፤ የጠቆረው ጣት የናንተ።»
ዝም አልኩ። ጋሽ ልሳነወርቅ ገባና እጁን ኪሱ ከተተ፤
ረስተውት የሄዱትን ጠርሙስ አወጣ፣ ጥፍር የማትሞላ ቀሪ።
«የቦርዱ ንብረት ነው» አልኩ።
«ይመለሳል» አለ፣ «ከሙከራው በኋላ። አሁን አስተምሪ።»

ሃምሳ ሦስት ልጅ ተንጠራራ አንዲት ብልቃጥ ሊያይ።
«ጨው የያዘ አለ?» አልኩ።
አንዱ ለድንቹ የቋጠረውን ዘረጋ፣ በተቀደደ የሒሳብ ደብተር ላይ።