ትራክ ሠላሳ ዘጠኝ

ፈትሂያ ከመጋላ በቀትር መጣች፣
በፌስታል ጠቅልላ አንድ ዲስክ ይዛ ገባች።
"ታይዋን ባሳያቸው ሁሉም ሳቁብኝ፤
ከዚራ አንድ አሮጌ ወዳድ አለ፣ እሱ ጋ ሂጂ አሉኝ።"
እውነታቸውን ነው።

አምስት ኢንች ከሩብ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተላጠ፤
ላዩ ላይ መርከብ አለ፣ ወረቀቱ በውሃ ያበጠ።
ደቻቱ ነክቶታል።

ጉዳዩ ክርክር ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የከረመ።
እሷ አሥራ አንድ፣ ወንድሟ ዚያድ አሥራ ሦስት ሳሉ፣
"አንደኛ እኔ ነኝ" "እኔ ነኝ" ሲባባሉ፣
አባታቸው ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማሽኑን ቁም ሳጥን ቆለፈበት።
ዚያድ እስከ ዛሬ ከጅቡቲ ይደውላል፣ "እኔ ነበርኩ" ለማለት።
ቅዳሜ ለልጇ ሠርግ ይመጣል፤
ከዚያ በፊት ማስረጃ ያስፈልጋል።

አላጣደፍኩትም።
በጥጥ፣ በአልኮል ጠረግኩት፤ የድሬ ፀሐይ እንዳያጣምመው
ጥላ ውስጥ አደረቅኩት።
አርባ ትራክ ነው፣ በየትራኩ ዘጠኝ ሴክተር፤
ከዜሮ ጀመርኩ፣ አንድም ሳላስቀር።
አሥር፣ ደህና። ሃያ፣ ደህና። ሠላሳ፣
እንደ ባቡር ጣቢያ እያለፍኩ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ላይ፣ የመጨረሻዋ ላይ፣ ቆምኩ።
አንዲት ሴክተር አለች፤ ስጠይቃት ሰባት አለችኝ፣
ደግሜ ብጠይቃት አራት፣ ሦስተኛ ስጠይቃት ዘጋችኝ።

"ተበላሽቷል እንዴ?"
"ሆን ተብሎ ነው" አልኳት።
ያኔ ባቡር ላይ ፊናንሱ እንዴት ነበር?
"ጆንያው ውስጥ ምን አለ?" ብሎ ያልፍና፣
ዞሮ ይመጣል፣ ያንኑ ይጠይቃል እንደገና።
የዋሁ ሰው ይንተባተባል፤ ሩዝ ነው ይላል፣ ኧረ ስኳርም አለ ይላል፤
ኮንትሮባንዲስቱ ግን ያጠናውን፣ አንዲት ቃል ሳይስት ይደግማል።
ጨዋታውም ይቺን ሴክተር ሁለቴ ያነባታል፤
መልሷ ከተለያየ፣ "የኔ ነሽ" ይላታል፤
አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ኮፒ ነው፣ በሩን ይዘጋል።

"ለካ!" አለች። "የሰፈር ልጅ ሁሉ ገልብጦ አልሠራለትም።
ሙሉ ነበር እኮ፣ ምንም አልጎደለውም።"
"ጉድለቱ ነው የጎደለው።"

አንድ ነገር ግን እኔንም ገረመኝ።
እንዲህ ያለ ኦሪጅናል ጎኑ ድፍን ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።
ይሄን አንድ ሰው በስቶታል። በምላጭ አይደለም፣ በመቀስም፤
ንጹሕ ግማሽ ጨረቃ።
አልጠየቅኩም።

ማሽኔ ሁለቴ ጠየቀ፣ ዲስኩ ሁለት መልስ መለሰ።
አረንጓዴ ባሕር ወጣ። በፈረንሳይኛ ደግሞ ሌላ ዘብ ደረሰ፦
ገጽ አሥራ ሁለት፣ መስመር አራት፣ ሦስተኛው ቃል።
ቡክሌቱን ደቻቱ ወስዶታል። እጄን አጣጠፍኩ።
እሷ ዐይኗን ጨፍና፣ "ፋናል።"
"ምን ማለት ነው?"
"እኔ እንጃ። ዚያድ ሲጫወት ቃል አቀባዩ እኔ ነበርኩ።
ፋኖስ ሳይሆን አይቀርም።"

ሠንጠረዡ መጣ።
ሦስተኛ፣ ዚያድ። ሁለተኛ፣ ፈትሂያ፣ በአርባ ነጥብ በልጣ።
እልል ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ፣ ከላይ ያለውን ስም አየች፤
ነጥቡ የሁለቱን እጥፍ ነው። ቁጭ አለች።

"አባባ?
'ዐይናችሁ ይጠፋል' እያለ ሲያባርረን የኖረው?
ከድሬ ጅቡቲ ኮንትሮለር ነበር፣ እኩለ ሌሊት ነበር የሚገባው..."

ዲስኩን አውጥቼ ጎኑን አሳየኋት።
ግማሽ ጨረቃዋን በጥፍሯ ዳሰሰቻት።
"የትኬት መብሻው" አለች፣ ቀስ ብላ።
"የእያንዳንዱ ኮንትሮለር ቅርጽ ለብቻው ነው። የሱ ይቺ ነበረች።
አንድ ቀን ነጥባችን ሳይጠፋ ማደር ጀመረ፤ እኛ ተአምር መስሎን..."

ውጭ ባጃጅ ጮኸ። ጥቂት ዝም አልን።
"ለዚያድ ኮፒ አድርግልኝ።"
"ነገርኩሽ፣ ኮፒው አይከፈትም።"
"እንግዲያው መጥቶ ይየው። ሦስተኛ መሆኑን ግን
በስልክ ነው የምነግረው፣ ዛሬውኑ።"

ፌስታሏን ረስታው ሄደች፤
ዲስኩን ግን በሁለት እጇ ይዛ።