ቤት መምታት

አሥራ አንድ ዓመት በመርከቧ ላይ ገመድ ስወረውር፣
ሰው፣ በግ፣ የናፍጣ በርሜል ሳሻግር፣
የማድረው በሰው ቤት ነበር፣ በወር ኪራይ።
ሰኔ ሲብት «ልቀቂ» ይሉኛል፣ ፀሐይ ፈላጊ እንግዳ ሲታይ፤
መስከረም ሲጠባ «ነይ» ይሉኛል፣ ደሴቲቱ ስትራቆት፣
አልጋው የማላውቀው ሰው ሽቶ ሸቶ፣ መሳቢያው የመዋኛ ልብስ ተረስቶበት።
ቁልፉ የሰው፣ ብርድ ልብሱ የሰው፤
ቤት ያልመታ ስንኝ ነበርኩ፣ ገጣሚው ጀምሮ የተወው።

አንድ መስኮት ግን ነበረኝ፣ ከባሕር ላይ የማየው፣
የሙርዲና ማድ ቤት፣ ከዓሣ መጋዘኑ በላይ ያለው።
ጨለማ ድንጋዮቹን ሲውጥ፣ ዝናብ በአግድም ሲመጣ፣
«ኢሽቤል፣ ዓይኔን ሁኚ» ይላል ካፒቴን ቶርኪል፤ ወደ ፊት ስወጣ
ቢጫዋ መስኮትና የደወሉ ማማ አንዱ ከአንዱ ሥር ሲቆሙ፣
«ልክ ነው!» ብዬ እጮኻለሁ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ።
ድንጋዩ በግራ ይቀራል፤ እንገባለን በሰላም።
ይህች መብራት ካርታ ላይ የለችም። መዝገብም አያውቃትም።

የካቲት ላይ ወሬው ከሱቁ ተሰማ፤
ሙርዲና ልትሸጥ ነው፣ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ብሎ፣ ልጇ ጋ ልትገባ ከተማ።
ወጉ የታሸገ ፖስታ ነው፣ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ፤
ማንም የማንንም ዋጋ አያይም፣ ሰዓቱ እስኪደርስ።

አንድ ሰው መጣ ከዋናው ምድር፣ ጭቃ ያልነካው ቡትስ አድርጎ፤
ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም፤ ባሕሩን ለካ፣ በስልኩ ዓይን አስጠግቶ፣ አርቆ።
«ሐምሌንና ነሐሴን እንኖርበታለን፤ የቀረውን እንቆልፈዋለን» አለ።
ሙርዲና ብስኩት አቀረበችለት።
ሌላ ቃል የለም።

እኔ ያለኝን ቆጠርኩ፤ የባንኩን ብድር ደመርኩ፤
የአባቴን የውጭ ሞተር፣ ያንን አሮጌውን፣ ሸጥኩ።
አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ከሰባት ፓውንድ ሆነ ሒሳቡ፤
ሰባቷ ከዝናብ ኮቴ ኪስ ናት፣ ሳንቲሞች ሲሰበሰቡ።

ሐሙስ ማታ አስጠራችኝ። ምድጃው ይነዳል፣ ድመቷ ወንበሬን ይዛለች።
ስለ ገንዘብ አላነሳችም። «ነፋሱ በየት ይገባል?» አለች።
«በሰሜኑ መስኮት፣ በታችኛው ማዕዘን፤ መጋረጃሽ ሲነሳ ከመርከብ ይታየኛል።»
«ቧንቧው በውርጭ ሲቆለፍስ?»
«ባልዲ ይዤ ጎረቤት ነዋ፤ ሌላ ምን ይደረጋል?»
«የትኛው ጎረቤት?» ሳቀች፣ ሳሏ እስኪነሳ።
በዚህ ረድፍ ዘጠኝ ቤት አለ፤ ጥር ላይ ጭስ የሚታየው ከሁለቱ ነው። ረሳሁት፣ እንዴት እንደምረሳ!
«ከቤቱ ጎረቤቱን ግዢ ይባል ነበር» አለች፣
«ጎረቤቱ ራሱ ተሸጠ እኮ።» እጇን በጉልበቷ ላይ አሸች።

ያኔ ነገርኳት፣ በመስኮቷ እንደምንገባ፣
ስንት ሌሊት፣ ስንት ሰው፣ ዶክተሩ ጭምር፣ ምጥ የያዛት የኤፊ ልጅ፣ በእሷ መብራት ወደብ እንደገባ።
አፏን ያዘች። ለካ አታውቅም ኖሯል!
ሠላሳ ዓመት አንድም ሰው አልነገራትም፤ ሁሉም ታውቃለች ብሎ ኖሯል።
«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣
«ጨለማ ስለምፈራ ነው፣ ኢሽቤል። ባሌ ከሞተ ወዲህ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ሌላ።»

ዓርብ ቀትር ጠበቃው ፖስታዎቹን ከፈተ፣
የሰውየው በአርባ ሺህ በለጠ።
ትልቁን ምረጪ የሚል ሕግ ግን የለም፤ ብዕሯን አነሳች፣
ስሜ ሥር ስሟን ጻፈች።

ቁልፉን ጠየቅኳት። «ተቆልፎ አያውቅም» አለች፤
ሁለት አምፖል ከነካርቶኑ በእጄ አስጨበጠች።

አሁን ቤቱ የእኔ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዕዳው ሃያ አምስት ዓመት።
አንድ ነገር ግን አጥቻለሁ፤ ያንን መስኮት ማየት።
ከውስጥ ሲያዩት መስታወት ብቻ ነው፣
የራሴ ፊትና የድስቱ ጭስ ያለበት ነው።

ዛሬ ተራዬ አይደለም፤ ገመዱ በአዲሱ ልጅ እጅ ነው።
ዝናቡ በአግድም ይመጣል። ድምጿ ቀድሞ ተሰማ፣
ከዚያ መብራቷ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል፣
አንዴ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ስትዞር፣ ቀጥ ስትል፤
መጋረጃውን ገልጬ፣ ማንም በማይሰማኝ ማድ ቤት
«ልክ ነው» አልኩ።